የተዘጋው ሻወርና የግቢው ሒሳብ

እሑድ ጠዋት ነው። ስምንት አባወራ በሚጋራው ግቢ ውስጥ፣ ወለሏ በሲሚንቶ በተለሰነው ጠባብ የሻወር ክፍል፣ ውኃው ቁርጭምጭሚት ደርሶ ቆሟል። ግራጫ የሆነ የሳሙና አረፋ ይንሳፈፍበታል። አንደኛዋ ወይዘሮ ሹካ ይዘው ይመጣሉ። ጎረቤታቸው ከአጥር የተረፈ ሽቦ ያቀብላሉ። ሦስተኛዋ ለሻይ የጣዱትን የፈላ ውኃ አምጥተው ይደፉበታል። ውኃው ይንቦጫረቃል፣ አንድ ጣት ያህል ዝቅ ይላል፣ ከዚያ እንደገና ቀጥ። በመጨረሻ አንድ ልጅ ብር ተሰጥቶት ወደ ሱቅ ይሮጣል፤ አሲድ ሊገዛ።

ይህ ግቢ ስም የለውም። በአራዳ ጊዮርጊስ ዙሪያ፣ በሠራተኛ ሠፈር፣ በደጃች ውቤ ወይም ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚወርደው ቁልቁለት ያደገ ሰው ግን አይቶታል። የሻወር መዘጋት የቤት ውስጥ ትንሽ ጣጣ ይመስላል፤ ጋዜጣ ላይ የሚወጣ ነገርም አይመስልም። ሆኖም የራሱ ገበያ አለው። የሚሸጥ ዕቃ አለ፣ የሚከፈልበት ጉልበት አለ፣ የሚከፍልና ከመክፈል የሚያመልጥ ሰው አለ። ይህን ገበያ ከሱቁ ጀምሮ የተከተለ ሰው መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ደግሞ ከግቢው ሥር በተቀበረ፣ ማንም «የእኔ ነው» በማይለው ቱቦ ላይ ነው።

ቱቦው ውስጥ ምን አለ?

ከአንድ ጤነኛ ሰው ራስ በቀን ከ50 እስከ 100 ጸጉር ይረግፋል። 30 ሰው በሚኖርበት ግቢ ይህ በቀን ከ1 ሺህ 500 እስከ 3 ሺህ ይደርሳል ማለት ነው። ሁሉም ወደ ቱቦ አይገባም፤ ገሚሱ ትራስና ማበጠሪያ ላይ ይቀራል። ሹሩባ የተሠራ ራስ ግን ልዩ ነው። በየቀኑ የሚረግፈው ጸጉር በጉንጉኑ ተይዞ ይሰነብትና፣ ሹሩባው ተፈትቶ በሚታጠብበት ቀን የሁለትና የሦስት ሳምንቱ ባንድ ጊዜ ይወርዳል። በዓመት በዓል ዋዜማ ሻወሩ የሚዘጋው በአጋጣሚ አይደለም።

ጸጉር ብቻውን ቱቦ አይደፍንም። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው ግን ተያይዞ መረብ ይሆናል። መረቡ ደግሞ ከላይ የሚመጣውን ሁሉ ይይዛል፤ በአራዳ ግቢ ከላይ ከሚመጣው አንዱ ቅቤ ነው። ቅቤ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ይቀልጣል። ከራስ ላይ በሙቅ ውኃ ሲለቀቅ እንደ ዘይት ይፈስሳል። ጥቂት ሜትር ተጉዞ ከወለሉ ሥር ያለው ቀዝቃዛ ቱቦ ጋ ሲደርስ ግን ይረጋል። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች በሚወርድበት ጊዜ፣ ቶሎ ይረጋል።

ሳሙናም ከተጠያቂነት አያመልጥም። በውኃ ውስጥ ካለው ካልሲየምና ማግኒዥየም ጋር ሲገናኝ የማይሟሟ ነጭ ዝቃጭ ይሠራል፤ በባልዲ ጠርዝ ላይ የሚታየው ክብ መስመር እሱው ነው። አዲስ አበባ ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች በተጨማሪ ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ውኃ ታገኛለች። ከጉድጓድ የሚወጣ ውኃ ብዙውን ጊዜ ከግድብ ውኃ ይልቅ በእነዚህ ማዕድናት የበለጸገ ስለሆነ ዝቃጩንም ያበዛዋል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የውኃው ማነስ አለ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር ሰው የሚታጠበው በባልዲና በጆግ ነው። ቱቦ የሚጠራው ውኃ በብዛትና በፍጥነት ሲያልፍበት ነው፤ በጆግ የሚወርደው ውኃ ቆሻሻውን ሦስት ሜትር ወስዶ ይተወዋል። ያችው ክፍል የልብስ ማጠቢያም፣ የዕቃ ማጠቢያም ስትሆን፣ አሸዋ፣ የቡና አተላና የድንች ልጣጭ ይጨመራል። ውኃ የቆጠበው ቤተሰብ በሌላ በኩል ለቱቦ ጠራጊ ይከፍላል። ይህ ወጪ በውኃ ደረሰኙ ላይ አይጻፍም።

ከሱቅ የሚመጣው መድኃኒት

ልጁ ከሱቅ የሚያመጣው ብዙ ጊዜ ስም የሌለው ጠርሙስ ነው። የአዲስ አበባ ሰው የውኃ ፕላስቲክን ሁሉ «ሃይላንድ» ይለዋል፤ አሲዱም በዚያው በሃይላንድ ተቀድቶ ይሸጣል። ምን ዓይነት አሲድ እንደሆነ፣ ምን ያህል እንደተቀጠነ የሚገልጽ ወረቀት የለውም። ገዢው የሚለካው በጭሱ ነው፤ ሲጨስ «ጠንካራ ነው» ይባላል።

እዚህ ላይ ገበያው የሚሸጠውና ቱቦው የሚፈልገው አይገናኙም። ለንጽሕና የሚሸጠው የሃይድሮክሎሪክ አሲድ የሲሚንቶ ጠብታንና የኖራ ዝቃጭን ይበላል። የሻወሩ መዘጊያ ግን በዋናነት ጸጉርና ስብ ነው፤ ለእነሱ ይህ አሲድ እምብዛም አይረባም። ጸጉርንና ስብን የሚሟሟው ተቃራኒው ነው፤ ኮስቲክ ሶዳ። እሱም ቢሆን ውኃ ሲነካው በኃይል ይሞቃል፣ ዓይን ላይ ከተረጨ ያሳውራል፣ ብዛቱ ካላነሰ ከስቡ ጋር ተዋህዶ ድንጋይ የሚመስል ሳሙና ቱቦው ውስጥ ሠርቶ ሊቀር ይችላል። ያኔ ሽቦም አያልፍበትም።

አደገኛው ነገር ግን ሁለቱን ወይም ሦስቱን ማቀላቀል ነው። አሲዱ አልሠራ ሲል ሁለተኛዋ ጎረቤት በረኪና ያመጣሉ። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ይህ ጋዝ በአንደኛው የዓለም ጦርነት እንደ መሣሪያ ያገለገለ ነው። መስኮት በሌላት አንድ ሜትር ተኩል በአንድ ሜትር ክፍል ውስጥ ጎንበስ ብሎ ቱቦ ለሚያይ ሰው ጥቂቱም ይበቃል፤ ሳንባን ያቃጥላል። ክፍሏ ሌሊት ሌሊት ለሽንትም የምታገለግል ከሆነች በረኪናው ያለ አሲድም ያስቸግራል፤ በሽንት ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋር ክሎራሚን የተባለ ሌላ የሚያቃጥል ጋዝ ይሠራል። ከአንድ ቀን በፊት የተደፋው አሲድ በተዘጋ ቱቦ ውስጥ እዚያው እንዳለ መዘንጋት የለበትም። ዛሬ በረኪና የሚደፋ ሰው ትናንት ጎረቤቱ ምን እንደደፋ ሳይጠይቅ መድፋት የለበትም።

የፈላ ውኃም የራሱ ነገር አለው። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ቅቤ ለማቅለጥ ከበቂ በላይ ነው፤ ለፒቪሲ ቱቦ ግን ብዙ ነው። ፒቪሲ ከ60 ዲግሪ በላይ ደጋግሞ ሲቀበል ይለሰልሳል፣ መጋጠሚያውም ይላቀቃል። እጅ የሚያቃጥል ግን ያልፈላ ውኃ፣ ከዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጋር፣ ለስቡ ይበቃዋል።

ርካሹ መድኃኒት ደግሞ ከሱቅ አይገዛም። ክዳኑን አንስቶ በእጅ፣ በጓንት ወይም በፌስታል፣ ጸጉሩን ስቦ ማውጣት ነው። መዘጋቱ በብዛት ያለው በመጀመሪያው ክንድ ውስጥ፣ ሲፎን በሚባለው ጠማማ ላይ ነው። ሲፎኑ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ውኃ ይዞ የሚቆየው ሽታ ወደ ቤት እንዳይመለስ ነው። ሽታውን ሲያስቀር ጸጉሩንም ያስቀራል። ይህ ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ማን እንደሚሠራው መስማማት ነው። የሌላ ሰው ጸጉር ከጉድጓድ መሳብ በግቢ ውስጥ ማዕረግ አያሰጥም፤ ብዙ ጊዜ ተራው የሚደርሰው ለቤት ሠራተኛዋ ነው።

ጠጋኙ ሲመጣ

አሲዱ ካልሠራ ቧንቧ ሠራተኛ ይጠራል። መደበኛ ቢሮና የዋጋ ዝርዝር ያለው ጥቂት ነው። አብዛኛው በሕንፃ መሣሪያ ሱቅ በር ላይ ይገኛል፣ ወይም ባለፈው ዓመት የሌላ ጎረቤት ቧንቧ የጠገነ ልጅ ነው፤ ስልኩ በግቢው ውስጥ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ዋጋው የሚወሰነው ቱቦው ከመታየቱ በፊት በሌሎች ነገሮች ነው። ቀኑ እሑድ ነው ወይ? ውኃው ወደ መኝታ ቤት ገብቷል ወይ? ያነጋገረው ሰው ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ነው ወይ? ውኃ ወለሉ ላይ ቆሞ የሚከራከር ገዢ ጉልበት የለውም።

ከዚህ የሚብሰው ግን ሥራውን ለመመዘን አለመቻሉ ነው። ጠጋኙ ሽቦ ወይም ቀጭን ፌሮ ያስገባል፣ ይገፋል፣ ውኃው ይወርዳል፣ ሁሉም እፎይ ይላል። መዘጊያው ወጥቷል ወይስ አራት ሜትር ወደ ፊት ተገፍቷል? ለከፋዩ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ውኃው ወርዷል። ልዩነቱ የሚታወቀው ከአንድ ወር በኋላ ነው። ያኔ የሚጠራው ደግሞ ያው ጠጋኝ ነው፤ ቱቦውን የሚያውቀው እሱ ነውና። ይህን እንደ ተንኮል ማየት አይገባም። ብዙዎቹ ሐቀኛ ሠራተኞች ናቸው፤ ረጅም የስፕሪንግ መጥረጊያ የላቸውም፣ ቢኖራቸውም ለእሱ ተጨማሪ የሚከፍል የለም። በአንድ ጊዜ ጥሪ የሚከፈለው ሰው ለአንድ ወር የሚሆን ሥራ ይሠራል።

የዕቃውም ዋጋ ከግቢው ርቆ ነው የሚወሰነው። ፒቪሲ ቱቦ አገር ውስጥ ይመረታል፤ የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ግን ከውጭ በዶላር ይመጣል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ሁለት ሜትር ቱቦ፣ አንድ መታጠፊያና አንድ ሲፎን የሚገዛ ሰው ይህን ለውጥ በመደርደሪያው ላይ አገኘው። ከዚያ ወዲህ አሮጌ ሲፎን ፈትቶ፣ አጥቦ፣ መልሶ መግጠም የጠጋኞች መደበኛ ሥራ ቢሆን ማንንም አያስገርምም።

የማን ቱቦ ነው?

ሲፎኑ ከጠራ በኋላም ውኃው የማይወርድ ከሆነ ችግሩ ከክፍሉ ወጥቶ ግቢው ውስጥ ገብቷል። እዚህ ላይ ታሪክ መጥራት ግድ ነው።

ፒያሳ ስሟን ያገኘችው ከጣሊያኖች ነው፤ አራዳ የሚለው ስም ግን ከእነሱ በፊት ነበር። የከተማዋ ትልቁ ገበያ በአራዳ ጊዮርጊስ ፊት ይቆም ነበር። ወረራው በተካሄደበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ጣሊያኖች የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ስፍራ አዛወሩት። ገበያው ሄደ፤ ቤቱ ቀረ። በዋናው መንገድ ፊት ለፊት የድንጋይና የሲሚንቶ ሕንፃዎች፣ ከጀርባቸው ደግሞ የጭቃ ቤቶች ተጨናንቀው ቆሙ። ከጣሊያን ጊዜ የቀሩት ቃላት ዛሬም በግንበኛውና በጠጋኙ አፍ ላይ አሉ፤ ፌሮ፣ ላሜራ፣ ሲፎን።

ብዙዎቹ የጓሮ ቤቶች ሲሠሩ ሻወር አልታሰበላቸውም። ሻወሩ በኋላ ተጨመረ፤ አንዱ ቤተሰብ በጓሮው ግድግዳ ላይ ቧንቧ ሰቀለ፣ ሌላው ቱቦውን ከዚያ ላይ ቀጠለ፣ ሦስተኛው ማጀቱን በቱቦው ላይ ሠራ። ቱቦ ተዳፋት ይፈልጋል፤ በአንድ ሜትር አንድ ወይም ሁለት ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። በዓይን መጠን የተቀበረ፣ በሦስት ዘመን የተቀጣጠለ ቱቦ ይህን አያሟላም። መሐሉ ላይ ሆድ ይፈጥራል፤ ሆዱ ውስጥ ደለል ይተኛል። የትኛውም አሲድ ይህን ሆድ አያቃናውም።

ታዲያ ማን ያቅናው? ሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ወርኃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበሩት በኋላ ኪራይ ቤቶች ለተባለው መሥሪያ ቤት ተሰጡ፤ የዚህኛው ወራሽ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ነው። አዋጁ ኪራይንም ቀነሰ፤ ደኻው ተከራይ ተጠቀመ፣ ይህ አይካድም። ነገር ግን የቀበሌ ቤት ኪራይ ለአሥርተ ዓመታት እዚያው ደረጃ ላይ ቆመ። የሁሉም ዕቃ ዋጋ ሲወጣ የቆመ ኪራይ ቱቦ መጠገን ቀርቶ ቱቦውን የሚያይ ሰው ደመወዝ አይከፍልም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራይ ቤቱን ለታሰበለት አገልግሎት በሚበቃ ሁኔታ እንዲጠብቅ ያዛል፤ ተከራዩ ደግሞ ጥቃቅኑን ይጠግናል። ሲፎን ጥቃቅን ነው ቢባል ማንም አይከራከርም። ግቢ የሚያቋርጥ ቱቦስ? ተከራዩ «የመንግሥት ቤት ነው» ይላል። አከራዩ አካል ቤቱን ያከራየው ሻወር ሳይኖረው ነበር፤ ቱቦውን በመዝገቡ ላይ አያገኘውም። ቀበሌ እንደ አስተዳደር እርከን ቀርቶ በወረዳ ቢተካም «የቀበሌ ቤት» የሚለው ስም አልቀረም፤ ክርክሩም እንዲሁ።

ከግቢው በር ወጥቶ ደግሞ የከተማው መስመር አለ ወይም የለም። የቃሊቲ ፍሳሽ ማጣሪያ በ1970ዎቹ ሲሠራ በቀን 7 ሺህ 500 ሜትር ኩብ ገደማ እንዲያጣራ ነበር። በ2010 ዓ.ም. አካባቢ በዓለም ባንክ ብድር ተስፋፍቶ አቅሙ 100 ሺህ ሜትር ኩብ ደረሰ። ማጣሪያው ሰፋ፤ ከአንድ ጠባብ መተላለፊያ ጀርባ ያለን ግቢ ከመስመሩ ጋር ማገናኘት ግን ሌላ ሥራ ነው። ያልተገናኘው ግቢ ውኃውን ወደ ጉድጓድ፣ ወደ ጎርፍ መውረጃ ወይም በቀጥታ ወደ ወንዝ ይለቃል። መጣጭ መኪና በበኩሉ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያልፍበት መንገድ አይገባም። በ2017 ዓ.ም. ከተማዋ ወንዝ መበከልን የሚቀጣ ደንብ ሥራ ላይ ስታውል፣ በቁልቁለቱ ላይ ያሉ ግቢዎች አሮጌው ቱቧቸው የት እንደሚያበቃ ለመጀመሪያ ጊዜ መጠየቅ ነበረባቸው።

የታችኛው ቤት ዕዳ

አራዳ ተዳፋት ነው። ይህ ለሒሳቡ ወሳኝ ነው። ቱቦው ሲዘጋ ውኃው የሚመለሰው ዝቅተኛው ወለል ላይ ነው፤ ከላይ ያሉት ሰባት አባወራዎች ሻወራቸው እንደ ወትሮው ይወርዳል። ጸጉሩ የስምንቱ ነው፣ ጎርፉ የአንዱ።

በቁጥር እንየው፤ አኃዙ ለምሳሌ ያህል የተወሰደ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። ቱቦውን አስቆፍሮ በትክክለኛ ተዳፋት መልሶ መቅበር 40 ሺህ ብር ይፈጃል እንበል። አንድ ጊዜ ማስጠረግ ደግሞ 1 ሺህ ብር፤ በየወሩ ሲዘጋ በዓመት 12 ሺህ። ለግቢው በጠቅላላ በአራት ዓመት ውስጥ መቆፈሩ ያዋጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ትርፍ ነው። የታችኛው ቤት ብቻውን 40 ሺህ ቢያወጣ ግን ገንዘቡን ለመመለስ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ያስፈልገዋል። ለስምንት ቢካፈል ለእያንዳንዱ 5 ሺህ ብር ይደርሳል፤ ሰባቱ ግን ከቱቦው መዘጋት ምንም አልጎደለባቸውም፤ ለምን ይክፈሉ?

በእንግሊዝ ተወልዶ በአሜሪካ ያስተማረው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ሮናልድ ኮዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1991 የኖቤል ሽልማት ከተሸለመባቸው ሐሳቦች አንዱ ይኸው ነበር። መብቱ የማን እንደሆነ ከታወቀና መደራደሩ ብዙ ካላስወጣ ጎረቤታሞች ያለ ዳኛ ይስማማሉ ይላል። በአራዳው ግቢ ሁለተኛው ይሟላል፤ ስምንት ሰው ቡና ላይ ተቀምጦ ይነጋገራል። የጎደለው የመጀመሪያው ነው። የላይኛው ቤት ጸጉሩን የመልቀቅ መብት አለው ወይስ የታችኛው ቤት ደረቅ ወለል የማግኘት? የሁለቱም ቤት ባለቤት መንግሥት ሲሆን ጥያቄው መልስ የሚሰጥበት ቦታ የለም።

ሆኖም ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም። ለቀብር ድንኳንና ወንበር በእድር የሚያዋጣ ግቢ ለቱቦ ማዋጣት አያቅተውም። ስምንቱ በሳምንት 500 ብር ቢያዋጡ 4 ሺህ ብር ነው፤ በአሥር ሳምንት 40 ሺህው ይሞላል። አሠራሩ እንደ እቁብ ነው፤ ልዩነቱ ዕጣው በየጊዜው ለቱቦው መውጣቱ ነው። እንዲህ ያለ መዋጮ የሚሳካው ብዙ ጊዜ በግቢው ውስጥ ቃላቸው የሚሰማ አንድ አዛውንት ወይም አንዲት እናት ሲኖሩ ነው። የላይኛውን ቤት ሰው የሚያሳፍሩት እርሳቸው ናቸው፤ ኮዝ ይህን አልጻፈውም።

እስከ መቼ እንኖርበታለን?

መዋጮው የሚፈርሰው በሌላ ጥያቄ ነው። በ2016 ዓ.ም.፣ የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት ከተመረቀ በኋላ፣ በኮሪደር ልማቱ የፒያሳ አሮጌ ሠፈሮች በሰፊው ፈረሱ። ዶሮ ማነቂያን ያወቀ ሰው አሁን ያለውን ቦታ ለመለየት ይቸገራል። የቀበሌ ቤት ተከራዮች ወደ ኮንዶሚኒየምና ወደ ሌላ የቀበሌ ቤት ተዛወሩ።

ያልፈረሰው ግቢ ነዋሪ ይህን አይቷል። ወጪው በሦስት ዓመት ከአራት ወር የሚመለስ ቱቦ ከመቅበሩ በፊት ሦስት ዓመት ከአራት ወር እዚያ ይኖር እንደሆነ ያሰላል። ካልኖረ በየወሩ 1 ሺህ ብር መክፈሉ ይሻለዋል፤ ሃይላንድ አሲድ ደግሞ ከዚያም ይረክሳል። ይህን ሰው አርቆ አሳቢ አይደለም ብሎ መውቀስ ሒሳቡን አለማየት ነው። ቀኑን የሚነግረው ቢኖር በሌላ መንገድ ያሰላ ነበር።

ወደ ኮንዶሚኒየም የሄደውስ? ቤቱ የራሱ ሆነ፤ ቱቦው ግን አሁንም የጋራ ነው። የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ቋሚ የፍሳሽ መስመሩን ከደረጃውና ከጣሪያው ጋር የጋራ ንብረት አድርጎ ለነዋሪዎች ማኅበር ሰጥቶታል። ተዳፋቱ ወደ ላይ ቆመ እንጂ አልጠፋም፤ የአራተኛ ፎቅ ጸጉር በምድር ቤት ወለል ላይ ይወጣል። ልዩነቱ ዛሬ ተጠያቂ አካል በስም መኖሩ ነው። ማኅበሩ ሊቀ መንበር አለው፣ ደረሰኝ አለው፣ መዋጮ ያልከፈለ ስሙ በደረጃው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ምድር ቤት የደረሳቸው ሰዎች የማኅበሩን ስብሰባ ከማንም ቀድመው ይመጣሉ።

አራዳ ውስጥ ለመቆፈር የተስማማ ግቢ በመጀመሪያው ቀን የሚገጥመው ጥያቄ ደግሞ አንድ ነው፤ ማንሆሉ የት ነው? አንዱ ከበሩ ሥር ነው ይላል፣ ሌላው ከዛፉ አጠገብ። በዚያ ግቢ ብዙ ዘመን የኖሩት አሮጊት ተጠርተው ይመጡና በከዘራቸው ያሳያሉ፤ ከታችኛው ቤት ማጀት መሐል፣ ከምድጃው ሥር።